ሰሜን ተራሮች ልትወጡ ነው? ራስ ምታቱን አትናቁት



ሰሞኑን ሁለት መልእክት በአንድ ሳምንት ደረሰኝ። የመጀመሪያው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ከሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። በቴሌግራም በድምፅ የላከልኝ፦ «አንተ ዶክተሩ፣ ለእረፍት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ብሬክንሪጅ የሚባል የተራራ መዝናኛ ልንሄድ ነው። ስኖውቦርድ ልማር ነው! ጫማውን፣ ጓንቱን፣ መነጽሩን ሁሉ ገዝቻለሁ። ሌላ ምን ልያዝ?» የሚል ነበር።

ሁለተኛው እዚሁ ባሕር ዳር ካለች ተከታታያችን በውስጥ መስመር የመጣ ነው፦ «ዶክተር፣ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን በማግስቱ በቀጥታ ወደ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ አስበናል። ሰባት ነን፣ አንድ ልጅም አለ። ጃኬት በቂ ነው ወይስ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ?»

አንዱ በረዶ ላይ ሊንሸራተት፣ ሌላዋ ጭላዳ ልታይ። ግን የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፣ የሁለቱም ስህተትም አንድ ነው። ሁለቱም ስለ ብርዱ አስበዋል። ስለ ከፍታው ግን አላሰቡም። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ሐኪም ሆኜ ይህንኑ ስህተት ሠርቼ ጓደኛዬን ላጣው ነበር። እሱን ላስቀድም።

አምስት ሐኪሞች እና አንድ ስካውት

የኢንተርንነት ዓመታችንን በጨረስን ሰሞን አምስት ጓደኛሞች ሦስት ቀን አግኝተን «ሰሜን ተራሮችን ሳናይማ አንበታተንም» አልን። ከባሕር ዳር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። ጎንደር ቁርስ፣ ደባርቅ ምሳ። ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ጨረስን፣ አስጎብኚና ስካውት ይዘን ሳይመሽ ጨነቅ ካምፕ ደረስን። በአንድ ቀን! ኩራታችን ልክ አልነበረውም።

ልብ በሉ፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ማታ የተኛነው ጠዋት ከተነሳንበት እጥፍ ከፍታ ላይ ነበር።

ሌሊቱን ሁላችንንም ራሳችንን አመመን። «ድካም ነው፣ መንገዱ አንገላቶን ነው» ተባባልን። ለብርዱ ብለን ትንሽ አረቄም ቀምሰን ነበርና በእሱም አመካኘን። ጠዋት ላይ ከመካከላችን ጠንካራው፣ ኳስ ተጫዋቹ ጓደኛችን አስመለሰው። «ትናንት የበላነው ጥሬ ሥጋ ነው» አልን። ፓራሲታሞል ሰጠነው። እሱም «ቧሒትን ሳልረግጥማ አልመለስም» ብሎ ተነሳ። ቧሒት 4,400 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል እንደወጣን ንግግሩ ቀስ አለ። የጠየቅነውን ሁለት ጊዜ ካልደገምንለት አይመልስም። ከዚያ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር። እኛ አሁንም «አይ፣ ደክሞት ነው» እያልን ነው። ይሄኔ በዕድሜ የገፉት ስካውታችን ቀረብ ብለው አዩትና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ይኼ ልጅ ከፍታው አልተስማማውም። አሁኑኑ አውርዱት፣ ማታን አትጠብቁ።»

አምስት ሐኪሞች ቆመን ያላየነውን በሽታ እሳቸው በአንድ ዓይን አዩት።

በሁለት ወገን ደግፈን ወደ መኪናው፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ከጨነቅ ወደ 800 ሜትር ዝቅ ትላለች። ደባርቅ ስንደርስ ስማችንን እየጠራ ያወራ ነበር። ማታ ላይ ሽሮ አዘዘ። ዛሬ ደህና ነው፣ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነብም አውቃለሁ። ግን እኚያ ሰው ባይኖሩ፣ እኛም «ትንሽ ይረፍ» ብለን እዚያው ድንኳን ውስጥ አስተኝተነው ቢሆን፣ ጠዋት ላይነሳ ይችል ነበር።

ከፍታ ላይ ምንድን ነው የሚጎድለው?

ብዙ ሰው «ተራራ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። በትክክል ስንናገር፣ የአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ የትም 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባችን የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ጨነቅ ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ (ከ4,500 ሜትር በላይ) ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ሰውነታችን ይህንን መልመድ ይችላል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኩላሊት የደሙን ሚዛን ያስተካክላል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀናት። መኪና ግን ያንን ጊዜ አይሰጠውም። በእግርና በበቅሎ ይወጣ የነበረ ሰው ሳያውቀው እየለመደ ነበር የሚወጣው። እኛ በአንድ ቀን በላንድክሩዘር ደርሰን እንገረማለን።

«እኛ እኮ ደገኞች ነን»

ይሄን በጣም እሰማዋለሁ። እውነት ነው፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ ለብዙ ትውልድ የኖሩ የአማራ ደገኞች ሰውነታቸው ከፍታን የተላመደበት መንገድ በዓለም ተመራማሪዎች ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የተጠኑት እዚያው ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖሩት ናቸው። እኔና አንተ፣ አንቺም፣ ጣና ዳር አሳ እየበላን የምንኖር ሰዎች ነን። ባሕር ዳር ከዴንቨር የምትበልጠው በ200 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ ብሬክንሪጅ ከተማ ደግሞ 2,900 ሜትር ገደማ። ማለትም ሰውየው ማታ የሚተኛው ከደባርቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ቀን ላይ ደግሞ በገመድ ወንበር ተጭኖ ከ3,500 ሜትር በላይ ይወጣል። በኮሎራዶ የተራራ መዝናኛዎች ጎብኚዎች ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት ከአራት ሰዎች አንዱ ገደማ የከፍታ ሕመም ምልክት እንደያዘው አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች የተጠኑት ከ3,000 ሜትር በታች ነበር። ጨነቅ ከዚያ በላይ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ተወልዳችሁ ያደጋችሁት ጃናሞራ ወይም ደባርቅ ሆኖ ለዓመታት ባሕር ዳር ከኖራችሁ፣ ሰውነት የለመደውን በሳምንታት ውስጥ ይረሳል። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትወጡም ቀስ በሉ።

ጉልበትም አያድንም። ስፖርተኛ መሆን፣ ወጣት መሆን ከከፍታ ሕመም አይከላከልም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ነው ፈጥኖ የሚወጣው፣ ሕመሙንም የሚደብቀው። የእኛን ኳስ ተጫዋች አስታውሱ።

ምልክቶቹ

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፦ ከ2,500 ሜትር በላይ የጀመረ ራስ ምታት ሌላ ምክንያቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው።

ቀላሉ ደረጃ፦ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ራስ ማዞር። ብዙውን ጊዜ ከደረስን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ይብሳል። እንቅልፍ መረበሽም የተለመደ ነው። በዚህ ደረጃ ማድረግ ያለብን ባለንበት መቆየት ነው። ውኃ መጠጣት፣ ማረፍ፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ ይቻላል። ምልክቱ ሳይጠፋ አንድ ሜትር እንኳን ወደ ላይ የለም። በአንድ ቀን ካልተሻለ ወይም ከባሰ መውረድ ነው።

አደገኛው፣ አንጎል ሲያብጥ፦ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ የተለየ ጠባይ፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ቀላል መፈተሻ አለው። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስቡና ሰውየው ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠመ አሥር እርምጃ ይሂድ። ጤነኛ ሰው ይሄዳል። ከተንገዳገደ ጉዞው አልቋል፣ አሁኑኑ ይውረድ።

አደገኛው፣ ሳንባ ውኃ ሲቋጥር፦ ተቀምጦም እያለ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረቅ ሳል፣ በኋላ አረፋ ያለው ወይም ሮዝ ቀለም ያለው አክታ፣ የከንፈር መጥቆር። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ይመጣል። «ብርድ መታኝ» ተብሎ የሚታለፈው ይሄ ነው። ሲወጡ ማለክለክ የሁሉም ነው፤ ዐርፎ ቁጭ ብሎ ማለክለክ ግን የማንም መሆን የለበትም።

ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። በሌሊትም ቢሆን፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር፣ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር። ኦክስጅን ካለ ይሰጠዋል። ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ግን ለመውረድ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ መውረድን አይተኩም።

በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የምትደረገውን የኦክስጅን መለኪያ የገዛችሁ ትኖራላችሁ። ብትይዟት ጥሩ፣ ግን አትሸበሩባት። ጨነቅ ላይ ጤነኛ ሰው 88 ወይም 86 ሊያሳይ ይችላል፤ ባሕር ዳር ላይ ቢሆን ግን እኔም እደነግጥ ነበር። ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እዩ።

ስለዚህ እንዴት እናቅድ?

ሕጉ አጭር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ፣ የዛሬ ማደሪያችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው ከፍታ ላይ ደግማችሁ እደሩ። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ሄዶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይቻላል፤ ወሳኙ የምትተኙበት ከፍታ ነው።

አምስት ቀን ካላችሁ፦
1ኛ ቀን፦ ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ደባርቅ እደሩ (2,800 ሜትር ገደማ)። መንገዱ ወደ 280 ኪ.ሜ. ነው። ጎንደር ላይ አንድ ሌሊት ካከላችሁማ ይበልጥ ጥሩ።
2ኛ ቀን፦ ሳንቃበር (3,250 ሜትር ገደማ)። መኪናውን ቀደም ብላችሁ አቁማችሁ ጥቂቱን በእግር ሂዱ። ጭላዳዎቹን የምታገኟቸውም እዚሁ አካባቢ ነው።
3ኛ ቀን፦ ግጭ (3,600 ሜትር ገደማ)።
4ኛ ቀን፦ በእሜት ጎጎ በኩል ጨነቅ (3,600 ሜትር ገደማ)።
5ኛ ቀን፦ ሁሉም ሰው ደህና ካደረ ጠዋት ቧሒት ወይም ዋሊያ ፍለጋ፣ ከዚያ ወደ ታች።
ራስ ደጀንን ለማከል ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጋሉ። በአምስት ቀን ውስጥ አትጨቁኑት።

ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ፦ ሁለቱንም ሌሊት ደባርቅ እደሩ። በመካከለኛው ቀን በጠዋት በመኪና ጨነቅ ድረስ ሂዱ፣ ገደሉን እዩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። የእኛ ጉዞ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ማታ መንቀሳቀስ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው አጣሩ። እኔ ግን ከሕክምና አንጻር የምላችሁ ይህን ነው፤ ማታ መውረድ በማይቻልበት ጊዜ ከፍ ብላችሁ አትደሩ። መውረጃ የሌለው መውጣት ዕቅድ አይደለም። መኪናውም አድርሷችሁ የሚመለስ ሳይሆን አብሯችሁ የሚያድር ይሁን።

መድኃኒት አለው ወይ?

አሴታዞላማይድ (ዳያሞክስ) የሚባል አለ። ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል። ለአዋቂ ለመከላከያ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሆኖ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣት መደንዘዝ፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ መለወጥ የተለመዱ ናቸው። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው በራሱ እንዳይጀምረው። ለልጆች መጠኑ በክብደት ነው። ስለዚህ «ዶክተሩ ፔጁ ላይ ጽፎታል» ብላችሁ ከፋርማሲ አትግዙ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልገውም።

የእንቅልፍ ኪኒን እና አልኮል የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ይቅሩ፤ ትንፋሽን ያዳክማሉ። አረቄ ያሞቃል የሚባለውም ስሜቱን እንጂ ሰውነቱን አይደለም። የቆዳ ደም ሥሮችን ከፍቶ ሙቀታችንን ያስወጣዋል።

የጣና ዳር ሰው ልዩ ማስታወሻ፦ ወባ

ይሄን ሌላ ቦታ የተጻፈ ምክር ላይ አታገኙትም። ለተራራው ጥሩ ወቅት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በባሕር ዳር፣ በፎገራ፣ በደምቢያ ወባ የሚበዛውም ልክ ያኔ ነው። ወባ ከተነከስን በኋላ ምልክት እስኪያሳይ አንድ ሳምንት እና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ቤታችን የነደፈችን ትንኝ ሳንቃበር ላይ ልታንዘፈዝፈን ትችላለች ማለት ነው። የከፍታ ሕመም በራሱ ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። ስለዚህ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ውረዱና በደም ምርመራ ወባን አጣሩ። «ተራራ ላይ ወባ የለም» የሚለው ለትንኟ እንጂ ለእናንተ አይሠራም።

ማን ይቅር፣ ማን ያማክር?

ልብ ድካም ወይም ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ከፍተኛ የደም ማነስ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ባለፈው ጉዞ ከባድ የከፍታ ሕመም የያዘው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውጣ። ግፊት፣ ስኳር፣ አስም ያለባችሁ በደንብ ከተቆጣጠራችሁት መሄድ ትችላላችሁ፤ ግን መድኃኒታችሁን ከጉዞው ቀናት አብልጣችሁ ያዙ፣ ኢንሱሊንም እንዳይቀዘቅዝ ልብሳችሁ ውስጥ አድርጉት። ጿሚዎች ደግሞ በተለይ ስኳር ካለባችሁ ውኃ ሳይጠጡ መውጣትን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

ትንንሽ ልጆች «ራሴን አመመኝ» ብለው አይነግሯችሁም። ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ አለመብላት፣ አለመጫወት፣ ማስመለስ ካያችሁ እንደ ከፍታ ሕመም ቁጠሩትና ውረዱ።

ስለ ብርዱና ስለ ፀሐዩም ባጭሩ

በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ሰማይ የሚያወርደውንም፣ የአክስቴ ልጅ የሚንሸራተትበትንም ነው። ራስ ደጀን አናት ላይ ሁለቱም ሊያጋጥም ይችላል፤ ለመንሸራተት የሚበቃ ግን አትጠብቁ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው። ወፍራም የሌሊት ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ደረቅ ትርፍ ካልሲ ያዙ። ያላበን ልብስ ሳይቀይሩ መተኛት ነው ሰውን የሚያበርደው።

ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከበረዶው ተንጸባርቆ ከታችም ይመጣበታል፤ ስለዚህ መነጽሩን መግዛቱ ልክ ነበር። እናንተም ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት ያዙ።

መልሴ ለሁለቱም

ለአክስቴ ልጅ፦ «መጀመሪያ ቀን ላይ ሰሌዳው ላይ አትውጣ። ከተማው ውስጥ ዙር፣ ውኃ ጠጣ፣ ቢራውን ለሦስተኛው ቀን አቆየው። ራስህን ካመመህ ለጓደኞችህ ንገር፣ አትደብቅ» አልኩት። «ገና ሳልወድቅ አስፈራኸኝ እኮ» አለኝ።

ለተከታታያችን፦ «ከጎንደር ደባርቅ እደሩ፣ ሁለቱንም ሌሊት። ልጁን በደንብ እዩት። ጃኬቱ በቂ ነው» አልኳት።

ከቡድናችሁ አንድ ሰው ምረጡ፤ ጠዋትና ማታ ሁሉንም «ራስህን አመመህ? በላህ? እስኪ ቀጥ ብለህ ሂድ» ብሎ የሚጠይቅ። ሐኪም መሆን የለበትም። ደፋር ብቻ ይሁን፤ «እንመለስ» ለማለት የሚደፍር። ተራራው የትም አይሄድም። እኛም ጓደኛችንን ይዘን በሁለተኛው ዓመት ተመልሰን፣ በአምስት ቀን፣ ቀስ ብለን ቧሒትን ረገጥን። እኚያ ስካውት ግን ጡረታ ወጥተው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ሳልላቸው ቀረሁ፤ እነሆ ዛሬ አልኩ።

በዚህ በዓል ሰሞን ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ካላችሁ ይህን አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በቻልኩት እመልሳለሁ። ድንገተኛ ምልክት ከታየባችሁ ግን መልሴን አትጠብቁ፤ ውረዱና በአቅራቢያችሁ ወዳለው የጤና ተቋም ሂዱ።

መልካም ጉዞ፣ ጤና ይስጥልኝ!